«ሙሉ ኢንሹራንስ» የማይሸፍነው ብዙ ነው፦ የጭነት መኪና ላላችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች

አንድ ማለዳ ሾፌሬ ደወለ። ከሸዋ ሮቢት ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነበር። አርማንያ አካባቢ አይሱዙው ተገልብጧል። «ሰውስ?» አልኩት። ሰው ተርፏል፤ ረዳቱ ግን እግሩ ተሰብሯል። አምላኬን አመሰገንኩ። ቀጥሎ ከአፌ የወጣው «አይዞህ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ አለን» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ብዙ አስተማሩኝ። የማሾው ባለቤት የእህሉን ዋጋ ከእኔ ጠየቀ። የረዳቱን ሕክምና ከኪሴ ከፈልኩ። የጥገናው ካሳም ሲመጣ ከጠበቅኩት ግማሽ እንኳ በቅጡ አልሞላም። የመድን ድርጅቱን ለመክሰስ ፈልጌ ውሉን ለሕግ ባለሙያ አሳየሁ። አንብቦ ሲጨርስ «ሁሉም እዚህ ተጽፏል» አለኝ። በየገጹ ግርጌ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አንብቤው ግን አላውቅም ነበር።

ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ የትም ያላችሁ ባለመኪኖች እኔ የገባሁበት ውስጥ እንዳትገቡ እፈልጋለሁ። ውሉን አውጡና ከዚህ ጽሑፍ ጋር አብራችሁ እዩት።

መጀመሪያ፦ ሙሉውን ውል እጃችሁ አስገቡ

አብዛኞቻችን እጅ ያለው ደረሰኙና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። ውሉ ግን ሌላ ነው። ሦስት ነገሮች ያሉበት ነው። አንደኛው የመኪናው ሰሌዳ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የተገመተው ዋጋና የአረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ መጠን የሰፈረበት ገጽ ነው። ሁለተኛው ረጅሙና ለሁሉም ደንበኛ ተመሳሳይ የሆነው የውል ቃል ነው። ሦስተኛው ተጨማሪ ሽፋን ሲገዛ ወይም ሲቀነስ የሚያያዘው ወረቀት ነው፤ ኢንዶርስመንት ይሉታል።

ሦስቱንም ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጣችሁ። አታፍሩ፤ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ «የማይሸፈኑትን አንድ በአንድ በአማርኛ ንገሩኝ» በሉ። ሥራቸው ነው። እየነገሯችሁ ማስታወሻ ያዙ። በወኪል ወይም በደላላ ከገባችሁም እሱን አስቀምጣችሁ አስነብቡት።

ሁለተኛ፦ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ?

ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። መኪናችሁ በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው የሚከፍለው። ለራሳችሁ መኪና አምስት ሳንቲም የለውም፤ የራሳችሁን መኪና ጉዳት የሚነካው «ሙሉ» የሚባለው ነው። ለሌላው የሚከፍለውም ጣሪያ አለው። ጣሪያው ዛሬ ስንት እንደሆነ ቅርንጫፉን ጠይቁና ጻፉት።

ጣሪያውን ማወቅ ያስፈለገው በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤትን መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ነው። «ሾፌሩ ነው ያጠፋው፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር» ማለት አያድንም። መድኑ እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ የቀረውን ፍርድ ቤቱ ከእናንተ ይጠይቃል። መኪናው ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ በሙሉ ኢንሹራንሳችሁ ውስጥ የሦስተኛ ወገን ጣሪያ ከሕጉ በላይ ከፍ ተደርጎ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ጭማሪ ከፍላችሁ አስደርጉ።

ሦስተኛ፦ የተጻፈውን ዋጋ ከገበያው ጋር አስተያዩ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። እኔም የከሰርኩት እዚሁ ነው።

መኪናችሁን በ3 ሚሊዮን ብር ገዝታችሁ በ3 ሚሊዮን አስመዘገባችሁ እንበል። ከዚያ በየዓመቱ ያንኑ ቁጥር እያሳደሳችሁ ቆያችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ሽቅብ ሄደ። ያ መኪና ዛሬ 6 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። ውሉ ላይ ግን አሁንም 3 ሚሊዮን ነው የሚለው።

አደጋ ደረሰና ጥገናው 800 ሺህ ብር ሆነ። ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል ብላችሁ ታስባላችሁ። አይደለም። መድን ሰጪው እንዲህ ነው የሚያሰላው፦ «መኪናው 6 ሚሊዮን ያወጣል፤ እናንተ ያስመዘገባችሁት ግማሹን ነው፤ የቀረው ግማሽ አደጋ የራሳችሁ ነው።» ስለዚህ ከ800 ሺሁ 400 ሺህ ይሰጣችኋል። ከዚያም ላይ ኤክሰስ ይቀነሳል። ኤክሰስ ማለት በእያንዳንዱ አደጋ እናንተ እንድትሸፍኑ በውሉ የተቆረጠው ድርሻ ነው። አንዳንድ ውል ላይ ደግሞ አሮጌው ዕቃ በአዲስ ሲተካ የእርጅና ተብሎ ሌላ ቅናሽ አለ። መጨረሻ ላይ እጃችሁ የሚገባውን አስቡት።

ወደ ላይ ማጋነንም አይጠቅምም። 6 ሚሊዮን የሚያወጣውን 9 ብላችሁ ብታስመዘግቡ መኪናው እስከ ጭራሹ ቢወድም የሚከፈላችሁ አደጋው በደረሰበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። ለትርፉ 3 ሚሊዮን በከንቱ አረቦን ከፍላችኋል።

እና ምን ይደረግ? ውሉ ከማለቁ ሦስት ሳምንት በፊት የእናንተን ዓይነት መኪና ከሁለት ሦስት ሻጮች ዋጋ ጠይቁ። ያንን ይዛችሁ ዋጋው እንዲስተካከል በደብዳቤ አመልክቱ። ዓመቱ መሐል ላይ ዋጋው ቢዘልም የውሉን ማለቂያ አትጠብቁ፤ የቀረውን ወር ልዩነት ከፍላችሁ ማስተካከል ይቻላል። ካሶኒ ካሠራችሁ፣ የጎን ከፍታ ከጨመራችሁ፣ ሌላ ዕቃ ከገጠማችሁ እሱንም አስመዝግቡ። ተሳቢ ራሱን የቻለ ንብረት ነው። በስሙ ካልተጻፈ ከሳቢው ጋር አብሮ ይሸፈናል ብላችሁ አትመኑ።

መኪናውን በባንክ ብድር የገዛችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሉ ላይ የባንኩ ስም አለ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከወደመ ካሳው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው።

አራተኛ፦ የጫናችሁት ዕቃ መኪናው አይደለም

የመኪና መድን መኪናውን ነው የሚሸፍነው። ላዩ ላይ ያለው የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ የሞረትና ጅሩ ጤፍ፣ የሚንጃር ምስር ወይም ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የተጫነው ዕቃ እዚያ ውስጥ የለም። ይህን እስከዚያ ማለዳ ድረስ አላውቅም ነበር። ብዙ ባለመኪና ዛሬም አያውቅም።

ዕቃውን ከተረከባችሁበት ሰዓት እስከምታስረክቡበት ድረስ ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ነው። የዕቃው ባለቤት የራሱ መድን ቢኖረው እንኳ ነፃ አትወጡም። የእሱ መድን ድርጅት ለእሱ ይከፍልና በእሱ ቦታ ተተክቶ ወደ እናንተ ይመጣል። የንግድ ሕጋችን ይህን ይፈቅዳል።

መፍትሔው የጉዞ ዕቃ መድን ነው። በቢሮ ሰዎች አፍ «ጉድስ ኢን ትራንዚት» ይባላል። ለአንድ ጉዞ ወይም ለዓመት ይገዛል። ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። በአንድ ጉዞ የሚሸፍነው ከፍተኛው ዋጋ ስንት ነው? ግጭት፣ መገልበጥና ቃጠሎ ብቻ ነው ወይስ ስርቆትም አለበት? ማታ መኪናው ሲቆም ምን ዓይነት ጥበቃ ይጠይቃል?

እሱም ቢሆን የማይነካቸው ነገሮች አሉ። መንገድ ተዘግቶ ሦስት ቀን ቆሞ የበሰበሰ ሽንኩርት አይከፈልም። ሽንኩርቱ የበሰበሰው በራሱ ባሕርይና በመዘግየት ነው ይባላል። በተቀደደ ሸራ ዝናብ ገብቶ የረጠበ ስሚንቶም እንዲሁ። በደንብ ሳይታሰር ተንሸራቶ የወደቀ ዕቃ ያከራክራል። ሾፌሩ ራሱ ዕቃውን ሸጦ ከጠፋ ደግሞ የእምነት ማጉደል ሽፋን ለብቻው ካልተገዛ በስተቀር የሚከፍል የለም።

የጭነት ሰነድ ላይ የኩንታሉ ቁጥርና ዋጋው በግልጽ ይጻፍ። «በቃል ተስማምተናል» የሚባለው በአደጋ ቀን አይሠራም።

አምስተኛ፦ ጋቢና ውስጥ ያሉትና ጭነት ላይ የወጡት

ሾፌሩና ረዳቱ ለእናንተ ሦስተኛ ወገን አይደሉም፤ ሠራተኞቻችሁ ናቸው። የመኪናው መድን ለእነሱ የሚከፍለው ተጨማሪ ሽፋን ከተገዛ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም። ለሾፌርና ለረዳት የሚገዛው የአደጋ መድን ከመኪናው አረቦን ጋር ሲተያይ ትንሽ ገንዘብ ነው። እባካችሁ ግዙት። ያ ልጅ እግሩን ተሰብሮ ሐኪም ቤት ተኝቶ እናቱ ስትመጣ ፊቷን ማየት ከብዶኝ ነበር።

በመንገዳችን ላይ ሌላም ነገር አለ። የገበያ ቀን ሲሆን ሰው ጭነት ላይ ይወጣል። ሾፌሩ አዝኖም ይሁን ለሻይ ብሎ ያሳፍራል። መኪናው ለጭነት ነው የተመዘገበው። ያ ሰው ቢወድቅ መድን ሰጪው «ከተፈቀደው አገልግሎት ውጭ» ይላል፤ ቤተሰቡ ወደ እናንተ ይመጣል። ለሾፌራችሁ ይህን በግልጽ ንገሩት።

ጫኝና አውራጆችንም አትርሱ። ከመንገድ ወጥቶ መጋዘን ግቢ ውስጥ ሲወርድ ጆንያ የወደቀበት ሰው በብዙ ውሎች ውስጥ አይሸፈንም።

ስድስተኛ፦ ቁልቁለቱ፣ ፍሬኑና ጎማው

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ይዛችሁ እስከ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ጉሙ ሲወርድ የፊት መብራት እንኳ አያሳይም። ፍሬን ይግላል። ሲመለስ ደግሞ ሞተር ይግላል።

እዚህ ላይ መድኑ የሚለየው ነገር አለ። በእርጅና ያለቀ፣ በአጠቃቀም የተበላሸ፣ በራሱ የተሰበረ ነገር አይሸፈንም። ሸራው ያለቀ ፍሬን፣ የተቃጠለ ጋስኬት፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ የፈነዳ ጎማ የባለቤቱ ወጪ ነው። ጎማ የሚከፈለው በዚያው አደጋ መኪናውም አብሮ ሲጎዳ ነው። ፍሬን እምቢ ብሎ መኪናው ቢገለበጥስ? የመገልበጡ ጉዳት ብዙ ጊዜ ለካሳ ይታያል፤ ፍሬኑን መጠገኛው ግን አይከፈልም። መኪናው ብልሹ መሆኑ እየታወቀ ወጥቶ ከሆነ ግን ሙሉውን ካሳ ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ የጋራዥ ደረሰኝ አትጣሉ። ፍሬን መቼ ታየ፣ ጎማ መቼ ተቀየረ፣ ቀኑ ያለበት ወረቀት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። «መኪናውን በሚገባ ይዤ ነበር» ብላችሁ የምታስረዱት በዚያ ነው።

ማታ ቆሞ ያደረ መኪና ላይ ተፈትቶ የሚሄድ ባትሪ፣ ስኮርት ጎማ ወይም ሸራም አለ። ብዙ ውል መኪናው በሙሉ ሲሰረቅ እንጂ ዕቃው ለብቻው ሲሰረቅ አይከፍልም። ተጨማሪ ሽፋን አለው፤ ጠይቁ።

ሰባተኛ፦ መንገድ ሲዘጋ፣ ምድር ሲናወጥ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡ። የእኛ አካባቢ የጭነት ሥራ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ አንዳንዴም የባሰ ይመጣል።

መደበኛው ሙሉ ኢንሹራንስ ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ግጭትን፣ አመፅንና ሁከትን ከሽፋን ውጭ ያደርጋል። ገበያው ላይ ሁለት ተጨማሪ ሽፋኖች አሉ። አንደኛው ቢ.ኤስ.ጂ. ይባላል፤ የወንበዴ፣ የሽፍታና የሽምቅ ተዋጊ ጥቃትን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ነው። ስማቸው ቢቀራረብም አንድ አይደሉም። የትኛው ምን እንደሚከፍል፣ በየትኛው መስመር እንደሚሠራ፣ ኤክሰሱ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ለአንዳንድ መስመር ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ያንን ቀድሞ ማወቅም ይጠቅማል፤ መኪናውን ትልኩ እንደሆነና እንዳልሆነ ትወስናላችሁ።

እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ቃል ብዙ ይወስናል። «በዘረፋ» እና «በተኩስ ልውውጥ መሐል» ሁለት የተለያየ ውጤት አላቸው። ሾፌራችሁ ያየውን እንዳየው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስመዝግብ።

የተፈጥሮ አደጋም ብዙ ጊዜ ውጭ ነው፦ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተት። በ2017 ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ አካባቢ ሲናወጥ እኛም ተሰምቶናል። የደብረ ሲና ገደል ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ለመንገዱ ልጆች አይነገርም። ይህም በጭማሪ አረቦን ይገባል።

ስምንተኛ፦ ሽፋኑን በራሳችሁ እጅ የምታፈርሱባቸው

የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ከመኪናው ዓይነት ጋር ካልገጠመ ወይም ጊዜው ካለፈ ለመኪናችሁ ካሳ የለም። የአይሱዙ መንጃ ፈቃድ ይዞ ተሳቢ መንዳት እንደዚያው ነው። መጠጥ ወይም አደንዛዥ ነገርም እንዲሁ። መድኑ ለተጎዳው ሦስተኛ ወገን ቢከፍል እንኳ ገንዘቡን ከእናንተ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ሾፌር ስትቀጥሩ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ አንሱ፤ ማለቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሾፌሩ ደክሞት መሪውን ለረዳቱ ሰጥቶ የደረሰ አደጋ ስንት ሰው እንዳከሰረ መንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ከልክ በላይ መጫንም አለ። ሊብሬው 50 ኩንታል የሚል ከሆነ 70 ጭኖ የተገለበጠ መኪና ካሳ አያገኝም ማለት ይቻላል። የጭነት ሰነዱ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

«ለራስ ዕቃ» ብላችሁ አስመዝግባችሁ ለኪራይ አትሥሩ። አረቦኑ ይለያያል፤ በአደጋ ቀን የሚታየው ደግሞ ይህ ነው። ጅቡቲ የምትሄዱም የአገር ውስጥ ውላችሁ ድንበር ላይ ያበቃል። ለሦስተኛ ወገን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ ለራሳችሁ መኪና ደግሞ ሽፋኑን ከድንበር ማዶ የሚያስቀጥል የግዛት ማስፋፊያ ያስፈልጋችኋል።

ዘጠነኛ፦ የቆመባችሁ ገቢ

መኪናው ጋራዥ ገብቶ መለዋወጫ እስኪመጣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይቆማል። የባንክ ዕዳው ይቆጥራል። የሾፌሩ ደመወዝ አለ። ይህን የጠፋ ገቢ መደበኛው ውል አይከፍልም። እኔ አሁን ከየጉዞው ትንሽ እየቆረጥኩ በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ ሁለት የብድር ክፍያ እስኪሞላ ድረስ አልነካውም።

አደጋ ከደረሰ

በመጀመሪያ የተጎዳን ሰው ወደ ሕክምና። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ። ፖሊስ ሳያይ መኪናው አይነሳ። ሾፌሩ በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሳ፤ ጎማው፣ መንገዱ፣ ጭነቱ ይታይ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ በሽምግልና እንዳይፈርም አስጠንቅቁት። ሽምግልናችን ደግ ነው፤ ነገር ግን መድን ሰጪው ሳያውቀው የተፈረመ የካሳ ስምምነት ውሉን ያበላሻል።

ለመድን ድርጅቱ ወዲያውኑ ደውሉ፤ በጽሑፍም አስታውቁ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የሚሰጠው 5 ቀን ነው። የእናንተ ውል ስንት እንደሚል አስቀድማችሁ እዩ። መርማሪያቸው ሳያይ ጥገና አትጀምሩ። ክሬን ከመጥራታችሁ በፊትም የመጎተቻ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከአርማንያ ገደል ውስጥ ማውጣት እኔን ከጣሪያው በላይ አስወጥቶኛል።

አልከፍልም ካሉ ምክንያቱን በደብዳቤ አስጽፉ፤ የትኛው የውሉ አንቀጽ እንደሆነ ይጠቀስ። በቃል የተነገረ እምቢታ ይዛችሁ የትም አትሄዱም። በድርጅቱ ውስጥ ይግባኝ በሉ። ካልሆነ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ አለ፣ ፍርድ ቤትም አለ። በንግድ ሕጉ ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ» እያሏችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። ደብዳቤ ስታስገቡም ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስደርጉ፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ከውሉ ጋር ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡ።